ፋብሪካችንን አሜሪካ ያስገባሁበት ሳምንት

በዚያ ዘመን አሜሪካ ለመግባት ሰው የማያደርገው ነገር አልነበረም። ዲቪ የሚሞላው ይሞላል፣ ስፖንሰር የሚያፈላልገው ያፈላልጋል፣ አንዳንዱም ፎቶው ላይ ጆሮህ አልታየም ተብሎ ይመለሳል። እኔ ግን አንድ ሙሉ የምስማር ፋብሪካ ከነሠራተኛው፣ ከነዘበኛው፣ ከነሻይ ቤቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ አሜሪካ አስገብቻለሁ። ማንም ቪዛ አልጠየቀንም። ጆሯችንንም ያየ የለም። ችግሩ መግባታችንን ለአንድ ሳምንት ያህል ማንም ሳያውቅ መክረሙ ነው፣ እኔም ጭምር።

ፋብሪካው አቃቂ ነው፣ ከባቡር ሐዲዱ ወረድ ብሎ። እዚያ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ሳሪስ ሄጄ የሦስት ወር የኮምፒውተር ትምህርት ከወሰድኩ ወዲህ ግን ጸሐፊ የሚለኝ ጠፋና "የኮምፒውተሩ ሰውዬ" ተባልኩ። የምስክር ወረቀቴን እናቴ በመስታወት አስገብታ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከማርያም ሥዕል እኩል ሰቀለችው። በማግስቱ ደንግጣ ሥዕሏን አንድ ክንድ ከፍ አደረገቻት። እኔ በበኩሌ መደንገጥ እንደሚያስፈልግ አልታየኝም ነበር።

ቢሮው ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው። ማታ ማታ ዳንቴል አለብሰዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እገልጠዋለሁ፣ ወደ እሱ የሚጠጋ ሰው ጫማውን በር ላይ እንዲጠርግ አደርጋለሁ። ታዲያ አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ ፕሮግራም በሲዲ ተላከልን። ደብዳቤ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። የሠራተኛውን ስም፣ የሥራ መደቡን፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ጉዳዩን ትሞሉለታላችሁ፤ እሱ ራሱ "ጉዳዩ" ብሎ አስምሮ፣ ሐተታውን ደርድሮ፣ "ከሰላምታ ጋር" ብሎ፣ የፈራሚውን ስምና ግልባጭ የሚደርሳቸውን ዘርዝሮ ያወጣዋል። አለቃዬ ሲዲውን በሁለት እጁ ይዞ አስረከበኝ።

ሲዲውን ከተትኩና መጫን ጀመርኩ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ አገሬን ነው። ከነዝርዝሩ አቀረበልኝ። ወረድኩ፤ ግብፅ አለች። ወረድኩ፤ ኬንያ አለች። ሦስት ጊዜ ወርጄ ሦስት ጊዜ ወጣሁ፣ ኢትዮጵያ የለችም። ከፋኝ። ቀጥዬ ማሰብ ያዝኩ፤ ነገር የሚበላሸው እኔ ማሰብ ስጀምር ነው። ግብፅን በዓባይ ምክንያት ዘለልኳት። ኬንያ ላይ ትንሽ ቆምኩ፤ አገር መልቀቅ ካልቀረ ግን ኬንያ ምን አደርጋለሁ? አሜሪካ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ቀለም ተቀብታ፣ ተመርጣ፣ እሺታዬን ብቻ ትጠብቃለች። እሺ አልኳት።

በዚያው ሞቅታ ለአለቃዬ አንድ ምክር ሰጠሁ። የጽሕፈት መኪናው ከእንግዲህ ቦታ ከማጣበብ በቀር ጥቅም የለውም፣ ለንብረት ክፍል ገቢ ይደረግ አልኩ። ተደረገ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ፈርሞ ተረከበና ከተሰበሩ ወንበሮች ጀርባ ቆለፈበት። ሲቆልፍ ቆሜ እያየሁ ፈገግ ማለቴን አልረሳውም።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ መጣች። ሙሉ ትባላለች፣ የቶርኖ ቤት ሠራተኛ ናት። ምስማር የሚመታው ማሽን አንድ ነገር በተሰበረበት ቁጥር ያንን ነገር ከብረት ጠርባ የምታወጣው እሷ ናት። አስቀድሜ ልናገር፣ በእኔና በሷ መካከል ምንም አልነበረም። ሻይ ቤት ስትገባ ወንበር የምለቅላት ለማንም የማደርገው ስለሆነ ነው፣ ለሌላ ሰው አድርጌ ባላውቅም።

ደብረ ዘይት ያለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ የቶርኖ አስተማሪ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቷል። ምዝገባው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሙሉ የጎደላት የሥራ ልምድ ማስረጃ ብቻ ነው፣ ማህተም ያለበት ዋናው ወረቀት። ፋብሪካው ውስጥ ለፎርማንነት ሁለት ጊዜ ተወዳድራ ሁለቴም እሷው ያሠለጠነቻቸው ልጆች አልፈዋታል። እኔ ቅጹን ስሞላ አጠገቤ ቆማ፣ "ማስተማሩንማ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ አሁን የምፈልገው አስተማሪ እንዲሉኝ ነው" አለችኝ።

በአምስት ደቂቃ ታገኚዋለሽ አልኳት። ስሟን ሞላሁ፣ አሥራ አንድ ዓመቷን ሞላሁ፣ እንዲያትም አዘዝኩ። ማተሚያው ከማተም ፈንታ ቆመና ብርቱካንማ መብራት ያበራ ያጠፋ ጀመር። ወረቀት አለው፣ ቀለም አለው። አንዷን ቁልፍ ብጫናት ጊዜ እየተነጫነጨ ማተም ጀመረ። አንድ ገጽ ወጣ። ትንሽ አረፈና ሌላ ገጽ ጨመረ። የመጀመሪያው ገጽ ሐተታውን ይዞ ከታች ሰፊ ነጭ ቦታ ተርፎታል። ሁለተኛው ገጽ ላይ የአለቃዬ ስም፣ የመፈረሚያው ቦታና ግልባጩ ብቻ አለ፣ ሌላው ባዶ። ሙሉ ሁለቱንም አገላብጣ አየች። ሌላው ሠራተኛ የሚሰጠው አንድ ገጽ ነው፣ ላንቺ ሁለት ወጣልሽ አልኳት። ታችኛው ነጭ ቦታስ ብትለኝ፣ እሱ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው ብዬ መለስኩ። ያን ቃል ሳሪስ ነው የተማርኩት፤ የማላውቀውን ነገር ሁሉ በሱ ነበር የምሸፍነው።

አለቃዬ ፈረመ። ወረቀቱን ይዤ መዝገብ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያሉት እትዬ ብዙነሽ ናቸው። የፋብሪካው ማህተም በቆርቆሮ ሣጥን ይቀመጣል፣ የሣጥኑ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነው፣ እሳቸው የታመሙ ቀን ፋብሪካው ለማንም ምንም ማረጋገጥ አይችልም። መነጽራቸውን አደረጉና ሁለተኛውን ገጽ ለብቻው አነሱት።

"ልጄ፣ ይሄ ወረቀት ምን ይላል?"

"ፊርማ ነው፣ እትዬ።"

"ከፊርማው በላይስ?"

"ከላይ ምንም የለም።"

"እንግዲያው እኔ ምንም ላይ ማህተም አልመታም" አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ።

ታሪክ አላቸው። በደርግ ጊዜ አንድ ሰው ፊርማና ማህተም ብቻ ያለበት ወረቀት እጁ ገባና ከፊርማው በላይ ያሻውን ጽፎበት አንድ የጭነት መኪና ምስማር በዋናው በር አስወጥቷል። ከእሳቸው በፊት የነበሩት የመዝገብ ቤት ሹም ነገሩ እንዴት እንደሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስረዱ ቆዩ፣ ያስረዱ የነበረውም ከታሰሩበት ሆነው ነው። ሁለቱን ገጽ በስቴፕለር ላያይዝ አልኳቸው። ስቴፕለር ይነቀላል አሉኝ። ገጽ አንድ፣ ገጽ ሁለት ብዬ ልጻፍበት አልኩ። የዚያኔውም ተጽፎበት ነበር አሉኝ። እውነት ለመናገር ልክ ናቸው፣ እኔም እሳቸውን ብሆን አልመታም።

ማክሰኞ ዘዴ ዘየድኩ፤ ፊደሉን አሳነስኩት። ብርቱካንማው መብራት እንደልማዱ ተንጨረጨረ፣ ቁልፏን ተጫንኩ፣ ሁሉም ነገር አንድ ገጽ ላይ ገባ። አለቃዬ መጀመሪያ በመነጽሩ አየው፣ ቀጥሎ ከመነጽሩ በላይ አየው፣ በመጨረሻ መስኮት ድረስ ይዞት ሄደ። የማላነበው ነገር ላይ አልፈርምም፣ ይሄ ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣው ወረቀት ነው አለኝ። በእጅ ልጻፈው ስለው ደግሞ ፕሮግራም መጥቶልን፣ አንተም ሠልጥነህ በእጅ የሚጻፍበት ምክንያት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። የጽሕፈት መኪናውን ያስወጣሁበት ንግግር እኮ ይኸው ራሱ ነው።

ረቡዕ ግልባጩን ቆረጥኩት። ግልባጭ የሚደርሳቸው ሦስት ናቸው፤ የቶርኖ ቤቱ አለቃ፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊና የግል ማህደሯ። እነዚያ ሦስት መስመሮች ሲወጡ ደብዳቤው ቁጭ ብድግ ሳይል አንድ ገጽ ላይ አረፈ። አለቃዬ ፈረመ፣ እትዬ ብዙነሽ መቱ፣ እኔ ያፏጨሁ ይመስለኛል። ግን መሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ግልባጭ ምን እንደሆነ ያውቃል። ግልባጭ የሚደርሰው ሰው አያነበውም፣ ይደርሰዋል እንጂ። የቀረበት ቀን ግን ማን ምን እንዳሰበበት ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ መዝገብ ቤት ብቅ ባለበት የወጪ መዝገቡን ገልጦ አየ፤ ደብዳቤ ወጥቷል፣ የሱ ስም የለም። ምን አጥፍቼ ነው ከግልባጭ የተነሳሁት ብሎ ቀጥታ አለቃዬ ቢሮ ገባ።

የዕድሌ ነገር ረቡዕ የግምገማ ቀን ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ወንበር ተደርድሮ ሁሉም በየተራ ተነሳብኝ። አንዱ መረጃ የመደበቅ ዝንባሌ አለበት አለ፣ ሌላው በሥልጠናው ምክንያት ትዕቢት ታይቶበታል አለ፤ ይሄኛውስ እውነት ነበር። አንዱማ ኪራይ ሰብሳቢ አለኝ። እኔ ያን ጊዜ ከእናቴ ጋር የምኖረው በኪራይ ቤት ነበር። ተነስቼ ግለ ሂስ አደረግኩ፣ ግልባጭን መናቄን አመንኩ። አለቃዬ የሙሉን ደብዳቤ ከነማህተሙ እዚያው ፊቴ ላይ ለአራት ቀደደው። ቁርጥራጮቹን እትዬ ብዙነሽ ለቅመው ወደ ማህደር ወሰዷቸው፣ ማህተም ያለበት ነገር አይጣልም ብለው።

ሐሙስ የቀረኝ የጽሕፈት መኪናው ነበር። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ በትሕትና ተቀበለኝ፤ ሰው በትሕትና ሲቀበላችሁ ያኔ ፍሩ። መኪናው ይወጣል፣ ምን ችግር አለ፣ ማህተም ያለበት የመጠየቂያ ደብዳቤ ብቻ አምጣ አለኝ። ሄጄ ፕሮግራሙ ላይ ሞላሁት። መብራቷ በራች፣ ጠፋች፣ በራች። ሁለት ገጽ ወጣ። ሁለተኛውን ገጽ እትዬ ብዙነሽ ጋ ይዤ አልሄድኩም፣ ምን እንደሚሉኝ አውቀዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሙሉ መጣች። ቱታዋን እንደለበሰች ነው፣ እጇ ላይ ዘይት አለ፣ እኔ ጥረጊ ሳልላት ጫማዋን በር ላይ ጠረገች። እሷ ያን ስታደርግ ራሴን ጠላሁ። ጠረጴዛው ላይ የተከመሩትን ባለ ሁለት ገጽ ወረቀቶች አየቻቸው። አልተቆጣችም።

"አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ አንድ ወረቀት ላይ አልገባም ማለት ነው?" አለች።

ነገ ይደርስልሻል አልኳት። እንዴት ብላ አልጠየቀችኝም። እንዴት ብትለኝ ኖሮ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ማለቴ አይቀርም ነበር። ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ። የቶርኖ ቤቱ ድምፅ እስከ ቢሮዬ ይሰማል፤ ተመልሳ ሥራዋን ስትጀምር ሰማኋት።

ዓርብ ጠዋት በራሴ ጥናት አንድ መደምደሚያ ላይ ደርሼ ነበር። ደብዳቤው የማይበቃው ወረቀታችን አጭር ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ወረቀት ገዝቼ እመጣለሁ። አቃቂ ገበያ ሲራጅ የሚባል የስልጤ ልጅ ሱቅ አለው፣ ደብተርም ወረቀትም ምስማርም ይሸጣል። ችግሬን ስነግረው ረጅም ወረቀት ሊያወርድልኝ እጁን ከሰደደ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። እስቲ ያንን ደብዳቤ አሳየኝ አለ። የመጀመሪያውን ገጽ መደርደሪያው ላይ ዘረጋና ታችኛውን ነጭ ቦታ በአውራ ጣቱ ለካው።

"ወንድሜ፣ እዚህ ይሄን ያህል ቦታ እያለ ምን ሊያደርግ ነው ወደ ሁለተኛው የተሻገረው?"

ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ አልኩት። ፊቴን አየኝና ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ ግማሹ ያለቀ ካርቶን ይዟል። ከዓመታት በፊት አንድ የውጭ ድርጅት ቢሮውን ሲዘጋ የተሸጠ ወረቀት ነው፣ ርካሽ መስሎት ገዛው፣ ማንም አልወሰደለትም። እኛ ኤ-ፎር ከምንለው አንድ ጣት ያህል ያጥራል፣ ትንሽ ይሰፋል፣ ማህደር ውስጥ ሲገባ ጎኑ ይወጣል። እምቢ ሲለው ጊዜ ምስማር ይጠቀልልበት ጀመር፤ ያውም የእኛኑ ፋብሪካ ምስማር። ካርቶኑ ላይ የአሜሪካ ሥሪት መሆኑ ተጽፏል።

አንዱን ሉክ አነሳና በደብዳቤዬ ላይ አስተካክሎ አነጠፈው። ጽሑፉ ያለቀው ልክ ያ ወረቀት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ማተሚያው ሳምንቱን ሙሉ መብራት እያበራ ሲለምነኝ የነበረውም ይሄንኑ ወረቀት ነው።

"ማሽንህ አሜሪካ ያለ መስሎታል" አለ ሲራጅ። "ማነው የነገረው?"

ሲዲውን ስጭን እሺ ያልኳት አሜሪካ ትዝ አለችኝ። ሲራጅም ጁምዓ ስለደረሰ መዝጋት አለብኝ አለኝና ቆልፎ ሄደ። ለረጅሙ ወረቀት ያዘጋጀሁትን ብር አልተቀበለኝም።

ባጃጅ ይዤ ፋብሪካው በር ላይ ወረድኩ። ኮምፒውተሩን ዳንቴሉን ሳላወልቅለት ከፈትኩት ማለት ይቻላል። አገር የሚለወጥበትን ቦታ ፈልጌ ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ለመልቀቅ ግን የፈጀብኝ አንድ ጣት ነው። ያው ዝርዝር መጣ። ወደ ኬንያ ወረድኩ፣ ወረቀቷ እንደኛው ኤ-ፎር ነውና በትሕትና መረጥኳት። ፕሮግራሙ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አሜሪካን ስመርጥ እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም ነበር።

የሙሉን ደብዳቤ አዘዝኩ። መብራቷ አልበራችም። ማተሚያው ሳይነጫነጭ አንድ ወረቀት አወጣና ዝም አለ። ሐተታው ከነአሥራ አንድ ዓመቱ፣ ፊርማው ከነቦታው፣ ግልባጩ ከነሦስቱ ሰው፣ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ አለ። አለቃዬ ግን የዓርብ ምሳ ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ገባ፣ በር ላይ አስቁሜ ጉልበቴ ላይ አስፈረምኩት። እትዬ ብዙነሽ ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ግልባጩን በጣታቸው ቆጠሩ። ቁልፋቸውን ከአንገታቸው አውጥተው ሣጥኑን ከፈቱ፣ ማህተሙን ቀለሙ ላይ ሦስት ጊዜ አሳረፉ፣ ትንፋሻቸውን እፍ አሉበትና ግማሹ ፊርማው ላይ እንዲያርፍ አድርገው መቱት። "አሁን ወረቀት ሆነ" አሉ።

ሙሉ ቱታዋን ለውጣ በር ላይ ትጠብቅ ነበር። ደብዳቤውን ስሰጣት አላነበበችውም፣ ሁለተኛ ገጽ እንዳለው ብቻ ገልብጣ አየች። ደብተር ውስጥ ከተተችውና ወደ ዋናው መንገድ በሩጫ ሄደች። የደብረ ዘይት ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ እስካይ ድረስ ቆሜ ነበር፣ ያም ለማንም የማደርገው ነው። ስትደርስ የምዝገባው መስኮት ሊዘጋ ትንሽ እንደቀረው በኋላ ሰማሁ።

ሰኞ አለቃዬ ችግሩ እንዴት ተፈታ ብሎ ጠየቀኝ። ብልህ ሰው ተስተካክሏል ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ወንበር ስቤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረኩለት፤ አሜሪካ እንደነበርን፣ አሁን ኬንያ እንደሆንን፣ ኬንያም እንደተስማማችን። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ በአጋጣሚ እዚያ ተቀምጧል። "በማን ፈቃድ?" አለ። የመንግሥት ንብረት የሆነ ፋብሪካን ያለ በላይ አካል ዕውቅና ሁለት ጊዜ ከአገር ማስወጣት በመመሪያው ላይ የተጻፈ ጥፋት ባይሆንም፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠኝ ተወሰነ። ፕሮግራሙን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ማስጠንቀቂያውን ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ። ስሜን ሞላሁ፣ ጥፋቴን ሞላሁ። አንድ ገጽ ላይ ወጣ፣ ግልባጩ ሦስት ሰው ይዟል፣ ማህተሙ ፊርማው ላይ በልኩ አርፏል። እስከዛሬ ከዚያ ያማረ ደብዳቤ አልጻፍኩም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሙሉ መጣች። ቱታ አልለበሰችም፣ ቀሚስ ነው የለበሰችው። "አስተማሪ እያሉኝ ነው" አለችኝ፤ ደስታዋ አስደሰተኝ፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው። የመጣችው የሥራ መልቀቂያዋን ልትወስድ ነው። ሚኒባሱ ይጠብቃታል፣ ግን ከደብዳቤው ጋር የማይገናኝ አንድ ሁለት ቃል ልነግራት የወሰንኩት ያን ጠዋት ነበር። ቃሉን ለማዘጋጀት ሌላ አንድ ቀን ቢሰጠኝ ይበቃኛል። ስሟን ሞላሁ፣ አሥራ አንድ ዓመቷን ሞላሁ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ "በራሷ ፈቃድ" ብዬ ጻፍኩና እንዲያትም አዘዝኩ። ብርቱካንማዋን መብራት አተኩሬ ተመለከትኳት። አልበራችም። አንድ ገጽ ወጣ። አለቃዬ ቢሮው ነበር፣ ፈረመ። እትዬ ብዙነሽም አንዴ አዩትና ምንም ሳይጠይቁ መቱት።

ሁሉም በአምስት ደቂቃ አለቀ። ያን ቀን ብቻ፣ አሜሪካ በቆየን ብዬ ተመኘሁ።